ወና

«ወና» ሰው የለቀቀው፣ ጭስ የማይወጣበት ቤት ነው። «ፍርስራሽ» የግድግዳውን መውደቅ ሲናገር፣ ወና የሚናገረው የነዋሪውን መሄድ ነው፤ ጣሪያው ሳይነካ፣ በሩ እንደተገጠመ ቤት ወና ሊሆን ይችላል። ከ«ምድረ በዳ»ም ይለያል፤ ወና ለመባል አስቀድሞ ሰው ኖሮበት መሆን አለበት። ስለዚህ ወና ቦታ ለማየት የሚጓዝ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ነዋሪዎቹ የት ሄዱ?» ሊሆን ይገባል። የዳሎል የጨው ጡብ ቤቶች የማዕድን ሥራው ሲቆም ወና ቀሩ፤ የዩክሬኗን ፕሪፕያት በ1986 እ.ኤ.አ. ወና ያደረጋት የቼርኖቤል አደጋ ነው።

በአዲስ አበባ የቂርቆስ ክፍለ ከተማዋን ካዛንቺስ በዚህ ቃል መጥራት ግን ስህተት ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሰፊ ክፍሉ ሲፈርስ ብዙ ነዋሪ ወደ ሌሎች የከተማዋ አካባቢዎች ተዛውሯል። ቤቶቹ ፈረሱ እንጂ ወና አልቀሩም። «የፈረሰውን ሰፈር ፎቶ የሚያነሳ ተጓዥ ማንንም አይጎዳም፤ እንዲያውም ታሪክ ያቆያል» የሚል ይኖራል። ምስሉ ማስረጃ መሆኑ እውነት ነው፤ ማን ከማን ጋር ቡና ይጠጣ እንደነበር ግን ግድግዳ አይነግረንም። የካዛንቺስ ሰው ዛሬም አለና፣ ታሪኩን ከራሱ አፍ ሰምቶ መመዝገብ ከፎቶው መቅደም አለበት።