ዘገምተኛው ሸክላ

በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ቴፕ ሪኮርደር ዘፈን ያዳመጠ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው አንድ ነገር አለ። ድንጋዩ እየደከመ በሄደ መጠን ክሩ መጐተት ይጀምራል፤ የዘፋኙ ድምፅ ይወፍራል፤ የኮረዳዪቱ ድምፅ የሽማግሌ ድምፅ ይመስላል፤ ከበሮውም እንደ ደከመው መንገደኛ እግሩን እየጐተተ ከኋላ ይከተላል። በእኛ ዘንድ ይህ በሆነ ጊዜ ድንጋዩን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ያም ካልሆነ ልጅ ወደ ሱቅ መላክ የተለመደ ነበር። በአሜሪካ አገር በሂዩስተን ከተማ ይኖር የነበረ አንድ ወጣት ግን ይህንኑ የሚጐተት ድምፅ ጉድለት ነው ሳይል ሀብት አደረገው፤ በእርሱም አማካይነት ማንም ያላወቃቸውን የሰፈሩን ልጆች ለሰው ጆሮ አበቃቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ሰው ሥራ ማመልከት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ ሮበርት ኧርል ዴቪስ ይባላል፤ ሕዝብ የሚያውቀው ግን ዲጄ ስክሩ በሚለው ስም ነው። የተወለደው ጁላይ 20 ቀን 1971 ሲሆን፣ አባቱ የረዥም መንገድ የጭነት መኪና ነጂ ነበር። ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ከእናቱ ጋር ያደገው በስሚዝቪል ነው፤ ይህችም ከቴክሳስ ርእሰ ከተማ ከኦስቲን በስተ ደቡብ ምሥራቅ በወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እናቱ ሙዚቃ ወዳድ ስለ ነበረች በቤቷ የቢ ቢ ኪንግና የጆኒ ቴይለር ሸክላ አይጠፋም ነበር። ልጁ በመጀመሪያ ፒያኖ መማር ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን የእናቱን ሸክላዎች በጣቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያሸ ማጫወት ከለመደ በኋላ ፒያኖውን ተወው። እናቲቱ ስለ ሸክላዎቿ ምን እንዳለች ታሪክ ጸሐፊ ባይነግረንም መገመት አያዳግትም።

ስክሩ ማለት ብሎን ማለት ነው። ልጁ የማይወደው ሸክላ ሲያጋጥመው ማንም ዳግመኛ እንዳያጫውተው ብሎን አንሥቶ ፊቱን ይፍቀው ነበርና፣ ይህን ያየ ጓደኛው ስሙን አወጣለት። እንዲህ ያለው የቅጽል ስም ብዙውን ጊዜ ከልጅነት ጋር ይቀራል፤ የዚህ ግን እስከ መቃብር ተከተለው፤ ከመቃብርም በኋላ የአንድ የሙዚቃ ስልት መጠሪያ ሆነ።

እዚህ ላይ ዲጄ ስለሚባለው ሰው ሥራ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሂፕ ሆፕ በኒው ዮርክ ከተማ በብሮንክስ በተወለደ ጊዜ፣ ይኸውም በ1973 ዓመተ ምሕረት ግድም፣ ከጃማይካ የመጣው ክላይቭ ካምቤል፣ በጨዋታ ስሙ ኩል ሄርክ፣ ሁለት ተመሳሳይ ሸክላዎች በሁለት ማጫወቻ ላይ አኑሮ፣ ጨፋሪዎች የሚወዱትን የከበሮ ክፍል ብቻ ከአንዱ ወደ አንዱ እያመላለሰ ያስረዝመው ጀመር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ዲጄ ማለት የሰው ዘፈን የሚያሰማ አገልጋይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ ከተሠራ ሥራ ሌላ ሥራ የሚያወጣ ባለሙያ ሆነ። ሸክላ ማጫወቻው ለእርሱ ክራሩ ነው ቢባል ነገሩን ማጋነን አይሆንም።

ስክሩ ከስሚዝቪል ተነሥቶ አባቱ ወዳለበት ወደ ሂዩስተን የሄደው ገና በአፍላ ዕድሜው ሲሆን፣ ትምህርቱንም አልፈጸመም። ሂዩስተን በሕዝብ ብዛት ከአሜሪካ ከተሞች አራተኛዪቱ ናት። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ የራፕ ሙዚቃ ገበያ በኒው ዮርክና በሎስ አንጀለስ እጅ ነበር፤ የሸክላ ኩባንያዎቹም፣ መጽሔቶቹም፣ የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹም የሚመለከቱት ወደነዚሁ ሁለት ከተሞች ነበር። በሂዩስተን ራፕ ኤ ሎት የተባለው ኩባንያ በ1986 ተቋቁሞ ጌቶ ቦይስ የሚባሉትን አስነሥቷል፤ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሳውዝ ፓርክ፣ ሰኒሳይድ፣ ሰርድ ዋርድ በሚባሉት የደቡብ ሰፈሮች በየመንገዱ ጥግ ግጥም የሚደረድሩት ወጣቶች ብዙዎች ነበሩ፤ በር የሚከፍትላቸው ኩባንያ ግን አልነበረም። የራሳቸው ከተማ ራዲዮ እንኳ የሚያሰማቸው የሩቅ አገር ሰው ነው።

ስክሩ ሙዚቃውን ማዘግየት የጀመረው በ1990 ግድም ነው። የመጀመሪያው እርሱ ነው ማለት ግን ለሌሎች አለመፍረድ ይሆናል፤ ከእርሱ በፊት ዳሪል ስኮት የተባለ የዚያው ከተማ ዲጄ ዘፈን እያዘገየ በክር ይሸጥ ነበር። የስክሩ ድርሻ ከዚህ የሚለየው ሥራውን ወደ ሙሉ ጥበብ በማድረሱ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነበር። አንዱን ዘፈን በሁለት ሸክላ ይይዛል፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው በአንድ ምት ያህል ወደ ኋላ ያስቀረዋል፤ ከዚያም መቀያየሪያውን በጣቱ ከወዲያ ወዲህ ሲመታ፣ አሁን የተነገረው ቃል ተመልሶ ይነገራል፤ ቃሉ ይሰበራል፣ ይደገማል፣ ይንጠለጠላል። ይህን ሁሉ በአራት መሥመር ካሴት መቅጃ ላይ ከቀዳ በኋላ፣ በመጨረሻ የጠቅላላውን ፍጥነት ይቀንሰዋል። በጥድፊያ የተነገረው ግጥም በዚህ ጊዜ እንደ ተረት ተራኪ ንግግር ቃል በቃል ይሰማል። አንዳንድ ሰዎች ይህ ስልት ሰነፍ ሥራ ነው፣ ፍጥነት መቀነሻውን መጫን ብቻ ነው ሲሉ ይሰማሉ። እኔ ግን ከእርሱ በኋላ በኮምፒዩተር የተሠሩትን ብዙ አስመስሎዎች ከእርሱ ክሮች ጋር ላነጻጸረ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይታወቀዋል እላለሁ፤ የእርሱ ስብርባሪ ቃል የሚወድቀው ሁልጊዜ ከበሮው በሚጠብቀው ቦታ ነው።

የከተማዪቱም ጠባይ ለዚህ ነገር የተመቸ ነበር። ሂዩስተን ሙቀትና ወበቅ የሚበዛባት፣ እጅግ የተንሰራፋች፣ ያለ መኪና የማይኖርባት ከተማ ናት። የደቡብ ሰፈር ወጣቶች አሮጌ ትላልቅ መኪናዎችን ከረሜላ በሚመስል ቀለም ቀብተው፣ የኋላ ሣጥናቸውን በድምፅ ማጉያ ሞልተው፣ በዝግታ መንዳት ይወዳሉ። በዝግታ ለሚሄድ መኪና በዝግታ የሚሄድ ዘፈን ተስማማው።

ስክሩ ክሮቹን የሚሸጠው በሱቅ አልነበረም፤ በቤቱ ነበር። መቶ ደቂቃ የሚይዘውን ግራጫ ካሴት በእጁ ጽሑፍ ስም ሰጥቶ ሌሊት ሲቀዳ ያድራል፤ ገዢዎችም ማታ ማታ በተወሰነ ሰዓት ይመጣሉ። መኪናው በመንገዱ ግራና ቀኝ ከመብዛቱ የተነሣ፣ ፖሊሶች ከዚህ ቤት የሚሸጠው አደንዛዥ ዕፅ ነው ብለው ጠርጥረው ነበር። አንድ ጥቁር ወጣት በቤቱ ደጃፍ በሰልፍ ገንዘብ ሲቀበል ሙዚቃ እየሸጠ ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ አልመጣላቸውም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን በክሮቹ ላይ የነበረው ነገር ነው። በመጀመሪያ ደንበኛው የሚወዳቸውን ዘፈኖች ዝርዝር ይዞ ይመጣል፤ ስክሩም ቀድቶ በመካከሉ የደንበኛውን፣ የወዳጆቹንና የሰፈሩን ስም በማይክሮፎን ይጠራለታል። አዝማሪ ቤት ገብቶ ስሙ በማሲንቆ የተወደሰለት ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያስደስት ያውቀዋል። ቀጥሎም ስም የሚጠሩት ወጣቶች ራሳቸው ማይክሮፎኑን እየተቀባበሉ ያልተጻፈ ግጥም በዚያው ቅጽበት መደርደር ጀመሩ። እንዲህ ሆኖ ፋት ፓት፣ ቢግ ሆክ፣ ሊል ኪኪ፣ ቢግ ሞ፣ ቢግ ፖኪ፣ ኋላም ዚ ሮና ሊል ፍሊፕ ከአንድ ቤት ወጡ። ማኅበራቸውም ስክሩድ አፕ ክሊክ ተባለ። በአንዱ ክር ላይ የኒው ዮርክና የካሊፎርኒያ ዝነኛ ዘፋኝ ሲያበቃ፣ ያለ ምንም ማመካኛ ወዲያው የሳውዝ ፓርክ ልጅ ይቀጥላል፤ አድማጩም ሁለቱን በአንድ ሚዛን ይሰማቸዋል። ስክሩ ለአገሩ ሙዚቃ ጥብቅና የቆመው በስብከት ወይም በአቤቱታ ሳይሆን በዚህ አቀማመጥ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ዝነኛው በ1996 የአንድ ጓደኛቸውን የልደት ቀን ምክንያት በማድረግ የተቀዳው ሲሆን፣ ስሙም ያው የልደቱ ቀን፣ ጁን 27 ነው። በዚህ ክር ላይ ወጣቶቹ ተራ በተራ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳያቋርጡ ግጥም ያወርዳሉ። ማንም ኩባንያ ለሕዝብ አቀርበዋለሁ ብሎ አይደፍርም ነበር፤ ይሁን እንጂ ዛሬም በሂዩስተን ጁን 27 በመጣ ቁጥር ሰው ይህን ክር እየከፈተ ያከብረዋል።

ነገሩ ነቀፋ የለበትም አልልም። ስክሩ የሌሎችን ሥራ ያለ ፈቃድ ይቀዳ ነበር፤ የደራሲን መብት የሚያስከብር ሰው ይህን ቢቃወም አይፈረድበትም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ቢግታይም ከተባለው የከተማው ኩባንያ ጋር ሆኖ ጥቂት ሥራዎችን በሕጋዊ መንገድ አወጣ፤ በ1998ም በከለን ቡልቫርድ ላይ የራሱን ክሮች ብቻ የሚሸጥ ሱቅ ከፈተ። የዕቃ መደርደሪያ የሌለበት፣ ገዢው የፈለገውን ጠይቆ የሚቀበልበት ቤት ነበር። በሌላ በኩል የሰፈሩ ልጆች የራሳቸውን አልበም ማውጣት ቻሉ፤ ሊል ኪኪ በ1997 ያወጣው አልበም ገዢ ያገኘው ስሙ አስቀድሞ በክሮቹ ስለ ታወቀ ነው።

አሁን ወደሚያሳዝነው ክፍል እንመጣለን። በዚያ አካባቢ ኮዴይን ያለበትን የሳል ሽሮፕ ከለስላሳ መጠጥ ጋር ቀላቅሎ መጠጣት ልማድ ሆኖ ነበር፤ በግጥሞቹም ውስጥ ሲወደስ ይሰማል። ብዙ ሰዎች የሙዚቃው ዝግታ ከዚህ መጠጥ የመጣ ነው ይላሉ። ስክሩ ራሱ በሕይወቱ ሳለ ክሮቼን ለመስማት መስከር ያስፈልጋል የሚለው ወሬ እውነት አይደለም ብሎ አስተባብሏል፤ የዝግታው ምክንያትም ቃሉ እንዲሰማ ነው ባይ ነበር። ይህን እናምነዋለን። ዳሩ ግን መጠጡ ሰውየውን አልማረውም። ኖቬምበር 16 ቀን 2000 በስቱዲዮው ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ ዕድሜው 29 ዓመት ነበር። የሐኪም ምርመራም ምክንያቱ ኮዴይን ከሌሎች አደንዛዥ ነገሮች ጋር ተቀላቅሎ መሆኑን አረጋገጠ። የጥበብ ሰዎች እንዲህ ሲሞቱ ሞታቸውን ከጥበባቸው ጋር አያይዞ ማሞገስ የሚወዱ አሉ፤ እኔ ይህን እጠላለሁ። መጠጡ ለክሮቹ አንዳች አልጨመረም፤ ያደረገው ቢኖር ሠሪውን መንጠቅ ነው።

ሞት በዚህ ማኅበር ላይ የጀመረው ግን ከዚያ በፊት ነው። ፋት ፓት የመጀመሪያ አልበሙ ሳይወጣ በፌብሩዋሪ 1998 በጥይት ተገደለ። ወንድሙ ቢግ ሆክም በ2006 በጥይት ሞተ። ቢግ ሞ በ2007፣ ቢግ ፖኪ በ2023 አረፉ። ስለዚህ ዛሬ እነዚያን ክሮች የሚያዳምጥ ሰው የሚሰማው በብዛት የሟቾችን ሳቅና ጨዋታ ነው።

ስክሩ ካረፈ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ የሂዩስተን ራፕ በመላው አሜሪካ ገነነ። የሚያስገርመው ነገር፣ በዚያ ጊዜ ግንባር ቀደም የሆኑት ማይክ ጆንስ፣ ፖል ዎልና ስሊም ታግ የሰሜኑ ሰፈር ልጆች ነበሩ፤ የሰሜንና የደቡብ ሰፈሮች ፉክክር ደግሞ የቆየ ነው። ይሁን እንጂ ሰሜኖቹም ያደጉት በዚያው በዘገየው ድምፅ ሲሆን፣ ማይክል ዋትስ የተባለው ዲጄያቸው ስልቱን ከስክሩ ተቀብሎ በሰፈሩ አስፋፍቶት ነበር። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከሂዩስተን አልፎ ሄደ። ባሪ ጄንኪንስ በ2016 ሙንላይት የተባለውን ፊልም ሲያዘጋጅ፣ የሙዚቃው ደራሲ ኒኮላስ ብሪቴል የስክሩን ዘዴ በቫዮሊንና በኦርኬስትራ ላይ ሠራበት፤ ፊልሙም የዓመቱ ምርጥ ተብሎ የኦስካርን ሽልማት አገኘ።

የሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ስክሩ ይሠራባቸው የነበሩትን ከአንድ ሺህ በላይ ሸክላዎች ተረክቦ በክብር አስቀምጧል፤ በ2012ም ለሕዝብ ትርኢት አሳይቷል። ላንስ ስኮት ዎከር የተባለው ጸሐፊ ደግሞ በ2022 የሕይወት ታሪኩን በመጽሐፍ አሳትሟል። የቀዳቸው ክሮች ቁጥር ከ300 በላይ ሲሆን፣ በየቤቱና በየመኪናው የቀሩት ግን ተሰብስበው አላለቁም።

ከእነዚህ ክሮች በጥቂቶቹ ላይ ቢግ ፍሎይድ የሚባል በሰርድ ዋርድ ያደገ ቁመተ ረዥም ወጣት ግጥም ሲደረድር ይሰማል። በ1990ዎቹ ከስክሩ ቤት ከሚመላለሱት ብዙዎች አንዱ ነበር፤ ዝናም አላገኘበትም። ሙሉ ስሙ ጆርጅ ፍሎይድ ነው። ሜይ 25 ቀን 2020 በሚኒያፖሊስ ከተማ አንድ ፖሊስ በጉልበቱ አንገቱን ተጭኖ በገደለው ጊዜ፣ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የተቀዱበት ፊልም በዓለም ሁሉ ታየ። በሂዩስተን ያሉ ሰዎች ግን በዚያ ሳምንት የፈለጉት ሌላ ድምፁን ነበር፤ የድሮዎቹን ክሮች እያወጡ፣ ሃያ ዓመት ያለፈው ወጣት በጓደኞቹ መካከል ስለ ሰፈሩ ሲፎክር፣ ቃሉም ወፍሮና ዘግይቶ ሲመጣ ያዳምጡት ጀመር።