በተሸሸገ ስፍራ ያለች ጥቁር ነጥብ
ከሬዲዮ የጤና ትምህርታችን፦ ሞያሌ፣ ኬንያ

ውድ የካምፑ ነዋሪዎች፣ በሬዲዮ ያቀረብነውን ትምህርት ላልሰማችሁና ደግማችሁ ማንበብ ለምትፈልጉ እነሆ በጽሑፍ አቅርበንላችኋል። ርዕሳችን ጮክ ተብሎ የማይነገር ነው። በሴት ብልት የውጭ ክፍል ላይ ስለሚወጣ ጥቁር ምልክት እንነጋገራለን። እህቶቻችን፣ አትፈሩ፤ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?

ጥቁር ነጥብ የሌለበት ገላ የለም። ፊት ላይ ወይም ክንድ ላይ ሲሆን «ማርያም የሳመችኝ» ብለን እንስቅበታለን። በብልት ከንፈር ላይም እንዲሁ ይወጣል፤ አብዛኛውም ጉዳት የለውም። ጥቂቱ ግን ሜላኖማ የሚባል ካንሰር ነው። ሜላኖማ ለቆዳችን ቀለም ከሚሰጡት ሕዋሳት ይነሣል። በብልት ላይ የሚወጣበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የሚታወቀው ዘግይቶ ስለሆነ ብዙዎችን ይገድላል። ታዲያ ጉዳት የሌለውን ከካንሰሩ መለየት የሚቻለው እንዴት ነው? ሐኪሞች መልሱን ለማግኘት ረጅም ዘመን ፈጅቶባቸዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ ምን ያስተምረናል?

በ1787 ለንደን ውስጥ ጆን ሐንተር የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ከአንድ ሰው መንጋጋ አጠገብ ጥቁር እባጭ ቆርጦ አወጣ። ምን እንደሆነ አላወቀም። ሆኖም አልጣለውም፤ በብልቃጥ አድርጎ አስቀመጠው። በ1968፣ ማለትም ከ181 ዓመት በኋላ፣ ያ እባጭ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሜላኖማ ሆኖ ተገኘ። ይህን ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1804 ፓሪስ ውስጥ ሬኔ ላኤኔክ፣ ሐኪሞች ደረት የሚያዳምጡበትን መሣሪያ ኋላ የፈለሰፈው ሰው፣ ጥቁሩ እባጭ ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑን አስረዳ። ስሙንም «ጥቁር» ከሚለው የግሪክ ቃል አወጣለት። በ1820 እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ኖሪስ ስለ አንድ ታማሚ ሲጽፍ የሰውየው አባትም በተመሳሳይ በሽታ መሞቱን መዘገበ። ዛሬም ሐኪም «ከቤተሰባችሁ እንዲህ ያለ በሽታ የያዘው ሰው አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ለዚህ ነው። በሴት ብልት ላይ የወጣ ሜላኖማ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የሰፈረው በ1861 ሲሆን የጻፈውም ሂዊት የተባለ ሐኪም ነበር።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሕክምናው ብልቱን በሙሉ ከብሽሽት ንፍፊቶች ጋር ቆርጦ ማውጣት ነበር። በ1970 አሜሪካዊው አሌክሳንደር ብሬስሎ አንድ ቀላል ነገር አሳየ። በሽታው ወደ ቆዳ ውስጥ ስንት ሚሊ ሜትር እንደገባ ቢለካ የታማሚውን ዕድል አስቀድሞ መገመት ይቻላል። ቀጭኑ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ይድናል፤ ወፍራሙ ግን ወደ ሌላ አካል የመዛመት ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ስለዚህ በጊዜ የመጣች ሴት ብዙ ጊዜ እባጩና በዙሪያው ያለው ጥቂት ጤናማ ቆዳ ብቻ ይወጣላታል። የዘገየች ሴት ግን ከዚያ የበለጠ ታጣለች።

«ይህ የነጮች በሽታ አይደለም ወይ?»

ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። በ2005፣ ልደቱ 60ኛ ዓመት ሲሞላ፣ በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ የተዘከረውን ጃማይካዊ ዘፋኝ ቦብ ማርሌይን ታስታውሳላችሁ። በ1977 በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ቁስል ታየበት። መጀመሪያ የኳስ ጉዳት ነው ተብሎ ነበር፤ በኋላ ሜላኖማ መሆኑ ታወቀ። ጣቱ እንዲቆረጥ ቢመከርም ያነሰ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በሽታው ተዛምቶ በግንቦት 1981 በ36 ዓመቱ አረፈ። ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ ይከላከላል። ይህ ካንሰር ግን ፀሐይ በማያገኘው ስፍራም ይወጣል፦ በውስጥ እግር፣ በጥፍር ሥር፣ በአፍ ውስጥ፣ በብልት። በአፍሪካውያን ላይ በብዛት የሚታየው በውስጥ እግር ነው።

ሌላም አለ። የስዊድን ተመራማሪዎች ከ1960 እስከ 1984 በብልት ሜላኖማ የታመሙ 219 ሴቶችን መርምረው ነበር። ከአራት አንድ በሚሆኑት ላይ እባጩ ጥቁር ቀለም አልነበረውም። ስለዚህ «ቀይ ነው፣ ጥቁር አይደለም» ብላችሁ አትተዉት።

መቼ ወደ ክሊኒክ እንሂድ?

እነዚህን ካያችሁ አትዘግዩ፦
– አዲስ የወጣ ወይም እየሰፋ የሄደ ነጥብ፤
– ሁለቱ ጎኑ የማይመሳሰል፣ ጠርዙ የተዘበራረቀ ወይም ቀለሙ የተቀላቀለ ምልክት፤
– የሚያሳክክ፣ የሚደማ ወይም አልድን ያለ ቁስል፤
– ያበጠ ጉብታ ወይም በብሽሽት የወጣ ንፍፊት።

እነዚህ ምልክቶች ሁሉ ካንሰር ናቸው ማለት አይደለም። የዳነ ቁስል ጥቁር ጠባሳ ይተዋል። የግርዛት ጠባሳም ሊያብጥ ይችላል። የብልት ኪንታሮት አንዳንዴ ይጠቁራል። ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ባለበት ሰው ላይ ካፖሲ የሚባለው ካንሰር ሐምራዊ ወይም ጥቁር ምልክት ያወጣል። የሁሉም ሕክምና ይለያያል። ከባድ የሆነውም ይኸው ነው፤ ልምድ ያለው ሐኪም እንኳ በዓይኑ ብቻ አይቶ እርግጠኛ መሆን አይችልም።

መፍትሔው ናሙና ነው። ስፍራው በመርፌ ይደነዝዛል፤ ትንሽ ቁራጭ ይወሰድና በማይክሮስኮፕ ይታያል። አሁን ወደ ሐንተር ብልቃጥ እንመለስ። ያ ቁራጭ ከ181 ዓመት በኋላም እውነቱን የተናገረው ስላልተጣለ ነው። በጋለ ብረት የተተኮሰ፣ በምላጭ ተቆርጦ የተጣለ ወይም በመድኃኒት የተቃጠለ ነጥብ ግን ምንም አይናገርም። በሽታው ከሥሩ ይቀራል፤ እናንተ የዳናችሁ ይመስላችኋል። ስለዚህ ለማንም አታስተኩሱት። ሐኪም ቆርጦ ካወጣውም «ለምርመራ ይላካል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ምርመራው በአቅራቢያችን ላይኖር ይችላል። ከሞያሌ ናይሮቢ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ናሙናው ግን ከታማሚዋ በቀለለ ይጓዛል። የሪፈር ወረቀታችሁን አትጣሉ፤ የተወሰደበትን ቀን ጻፉ፤ ውጤቱ ከቆየ ተመልሳችሁ ጠይቁ። ሰፈር ብትቀይሩም አዲሱን አድራሻችሁን ለክሊኒኩ ንገሩ።

እህቶች፣ በወር አንድ ቀን ስትታጠቡ መስታወት ይዛችሁ ራሳችሁን እዩ። ወንድ ሐኪም ካሳፈራችሁ ሴት ነርስ እንድታያችሁ ወይም አብራችሁ እንድትገባ ጠይቁ። አስተርጓሚዋ የምታምኗት ሴት ትሁን። የልጅ ልጅ ያያችሁ እናቶቻችን ደግሞ «እኔማ አርጅቻለሁ» አትበሉ፤ ይህ በሽታ ይበልጥ የሚታየው በዕድሜ በገፉት ላይ ነው። ባሎችም፣ ሚስታችሁ ስትነግራችሁ አትቆጡ። የአባለዘር በሽታ ነው ብላችሁም አትፍረዱባት፤ ሜላኖማ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይልቅስ ልጆቹን ያዙላትና ወደ ክሊኒክ ትሂድ።

ለዛሬ በዚህ እናብቃ። ይህችን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ ማንበብ ለማትችል ጎረቤታችሁ አንብቡላት።