ሉዊስ ፉዌርቴስ፦ የኢትዮጵያን አእዋፍ ቀለም ያተረፈ ሠዓሊ

በ1919 ዓ.ም. ከአሜሪካ የመጣ አንድ የሳይንስ ቡድን በኢትዮጵያ ደጋና ቆላ ለወራት ከተዘዋወረ በኋላ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ወጣ። ነጋዴውም ስደተኛውም ወደ ገዳሪፍ የሚያቀናበት ይህ መንገድ ያን ጊዜ ያሳለፈው ጭነት እምብዛም አይወሳም። ጭነቱ ከመቶ በላይ የአእዋፍና የእንስሳት ሥዕል ነበር።

ሠዓሊው ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ እ.ኤ.አ. በ1874 በኒውዮርክ ግዛት፣ በኢታካ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከፖርቶ ሪኮ የመጡ፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና መምህር ነበሩ። ልጃቸውንም በታዋቂው የተፈጥሮ ሊቅ በሉዊስ አጋሲዝ ስም ጠሩት። ልጁም ስሙን አላሳፈረም፤ በአእዋፍ ሥዕል በአገሩ ተወዳዳሪ ያልተገኘለት ባለሙያ ሆነ።

የኢትዮጵያውን ጉዞ ያሰናዱት በቺካጎ የሚገኘው የፊልድ ሙዚየምና ቺካጎ ዴይሊ ኒውስ የተባለው ጋዜጣ ሲሆኑ፣ መሪው የእንስሳት ሊቁ ዊልፍሬድ ኦዝጉድ ነበር። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንንም እንግዶቹን በአዲስ አበባ ተቀብለዋቸዋል።

ሙዚየሙ አዳኞችና ፎቶግራፍ አንሺ እያሉት ሠዓሊ መላኩ ያለ ምክንያት አልነበረም። የተገደለ ወፍ ላባው ለብዙ ዘመን ቀለሙን ይዞ ይቆያል፤ የዐይኑ፣ የመንቆሩ፣ የእግሩና ላባ የሌለው የፊቱ ቆዳ ቀለም ግን ብዙ ሳይቆይ ይደበዝዛል። ስለዚህ የደረቀው ቆዳ ብቻውን ወፉ በሕይወት ሳለ ምን ይመስል እንደነበር አይመሰክርም። ፉዌርቴስ ወፉ እንደ ተገደለ፣ ቀለሙ ሳይጠፋ በብሩሹ ይሽቀዳደም ነበር። አቋሙንና አንገት አሰባበቁን ደግሞ አስቀድሞ በሕይወት ሳለ ያጠናዋል። ሥዕሉ ሕያው የሚመስለው በዚህ ነው። ያን ሕይወት በወረቀት ለማቆየት ወፉ መሞት ነበረበት፤ የዘመኑ ሳይንስ የከፈለው ዋጋም ይህ ነበር።

ፉዌርቴስ አገሩ ከገባ ብዙም ሳይቆይ፣ ነሐሴ 16 ቀን 1919 ዓ.ም.፣ ሥዕሎቹን ለወዳጁ ለአእዋፍ ሊቁ ለፍራንክ ቻፕማን አሳይቶ ሲመለስ፣ ዩናዲላ በተባለ ስፍራ ሐዲድ ሲያቋርጥ መኪናውን ባቡር መታው። እርሱ በ53 ዓመቱ ሞተ፤ ሥዕሎቹ ግን ከመኪናው ተወርውረው ሳይጎዱ ተገኙ። የጉዞ ጓደኛው ሳይዳም ከቲንግ ገዝቶ ለሙዚየሙ አበረከታቸው። ከእነርሱም 32ቱ እ.ኤ.አ. በ1930 በአልበም ታተሙ።

አጥንት ከሰማይ ለቆ የሚሰባብረው አሞራና መንቆረ ወፍራሙ ቁራ ዛሬም በስሜን ተራሮች ላይ ያንዣብባሉ። በ1919 ዓ.ም. የነበረው መልካቸው ግን በመተማ መንገድ አልፎ፣ ከባቡር አደጋ ተርፎ፣ በቺካጎ ተቀምጧል።