ማፈን ወይስ መግራት? የትራምፔት ድምፅ መለወጫ ታሪክ፣ አመራረጥና ስያሜ

መግቢያ

ከጥቂት ጊዜ በፊት፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ ወገኖቻችን ለበዓል በተሰበሰቡበት ዕለት፣ ቀድሞ በአገር ቤት በአንድ የጦር ክፍል የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ትራምፔት ይነፉ የነበሩ አንድ አዛውንት አንድ ጥያቄ አቀረቡልን። አዛውንቱ መሣሪያቸውን ዛሬም አልጣሉትም። ነገር ግን የሚኖሩበት ሕንፃ ግድግዳ ስስ በመሆኑና ጎረቤትም በተደጋጋሚ አቤቱታ በማሰማቱ፣ በመሣሪያው ሰፊ አፍ ውስጥ የሚወተፍ አንድ የብረት ዕቃ ገዝተው በእርሱ ይለማመዳሉ። «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ይህን ነገር በአማርኛ ምን ልበለው? የልጅ ልጄ ‹አባባ፣ ማፈኛ ነው እንዴ?› ብሎ ቢጠይቀኝ አዎን ለማለት አፌ እንቢ አለኝ» አሉን። እኛም «ጋሼ፣ አጥንተን እንመለስበታለን» ብለን ተለያየን። ይህች ጽሑፍ የዚያ ቃል መፈጸሚያ ናት።

ጥያቄው ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ሆኖም «አፈና» የሚለው ቃል በእኛ ትውልድ ጆሮ ውስጥ ያለውን ክብደት ለአንባቢ ማስረዳት አያሻንም። ጋዜጣ ሲዘጋ፣ ማኅበር ሲፈርስ፣ ሰው ከቤቱ በሌሊት ሲወሰድ የምንጠራው በዚሁ ስም ነው። አዛውንቱን አዎን እንዳይሉ ያገዳቸውም ይኸው ይመስለናል። እንግዲህ ስም ከማውጣታችን በፊት፣ ዕቃው በእርግጥ ያፍናል ወይስ ሌላ ነገር ያደርጋል? ብለን መጠየቅ ይገባናል። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የዕቃውን አሠራር፣ ቀጥሎም በአውሮጳና በአሜሪካ ያለፈበትን ታሪክ፣ በመጨረሻም ከእኛ ባህል ጋር ያለውን ግንኙነትና ሊመረጥ የሚገባበትን መንገድ ለማሳየት እንሞክራለን።

፩. አሠራሩና የባዕዳን ስያሜ

የነሐስ መሣሪያ ድምፅ የሚወለደው ከነፊው ከንፈር ርግብግቢት ሲሆን፣ ወደ ዓለም የሚወጣው በሰፊው አፍ ነው። በዚያ አፍ ውስጥ አንድ ነገር ሲወተፍ ድምፁ ሁሉ እኩል አይቀንስም። የታችኞቹ ሞገዶች ሲዳከሙ፣ ከላይኞቹ አንዳንዶቹ እንዲያውም ጎልተው ያልፋሉ። ስለዚህ የሚሰማው ነገር ያው የቀድሞው ድምፅ አንሶ አይደለም፤ መልኩ ተለውጦ ነው። በኃይል የተነፋ ትራምፔት በዚህ ዕቃ ውስጥ ሲያልፍ እንደ መርፌ የሚወጋ ድምፅ ያወጣል፤ በቀስታ ሲነፋ ደግሞ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል።

አውሮጳውያን ግን ስሙን ሲያወጡ ከዚህ ምሥጢር ይልቅ ጉድለቱን ነው ያዩት። ጣልያኖች «ሶርዲኖ» ሲሉት፣ ፈረንሳዮችም «ሱርዲን» ሲሉት፣ ሥሩ «ደንቆሮ» የሚለው ቃል ነው። የእንግሊዝኛው «ሚዩት» ትርጉሙ «ድዳ» ነው። ጀርመኖች ብቻ «ዴምፕፈር» ማለትም «ማብረጃ» ብለው ከአካል ጉድለት አርቀውታል። እኛ አንዱን ተርጉመን ብንወስድ፣ የሌላውን ሕዝብ አመለካከት ከነስሕተቱ እንደ ወረስን ይቆጠራል።

፪. ከቀብር ሥነ ሥርዓት እስከ ጦር ሰፈር

ስለ ዕቃው ጥንታዊነት ሲነገር አንዳንድ ጊዜ የፈርዖን ቱታንኻሙን መቃብር ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1922 በተገኘው በዚያ መቃብር ውስጥ ከነበሩት ሁለት መለከቶች፣ ከብሩም ከነሐሱም ጋር፣ በውስጣቸው ልክ የሚገባ የእንጨት ቅርጽ አብሮ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ እንጨቱ ስሱ ብረት እንዳይጨረመት ቅርጹን መጠበቂያ መሆኑን መቀበል ይሻላል። በአፍ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ድምፅ ለመለወጥ የገባ አይደለምና።

ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የምናገኘው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በፍሎረንስ ከተማ ነው። ሠዓሊው ፒየሮ ዲ ኮዚሞ ስላዘጋጀው የሞት ሰረገላ ትርኢት የጻፈው ጆርጆ ቫዛሪ፣ በሰልፉ ላይ ድምፃቸው የታፈነና የሻከረ መለከቶች ይነፉ እንደ ነበር ይተርካል። በ1607 ደግሞ ክላውድዮ ሞንቴቬርዲ በማንቱዋ ከተማ ኦርፌኦ የተባለውን የሙዚቃ ድራማ ሲያቀርብ፣ የመክፈቻው ዜማ ትራምፔቶቹ በዚህ ዕቃ ከተነፉ አንድ ድምፅ ከፍ ተደርጎ መጫወት እንዳለበት አስታውቋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዚያ ዘመን ዕቃ መካከሉ ጠባብ ቀዳዳ ያለው የእንጨት ውታፍ ስለ ነበረና የመሣሪያውን አፍ ፈጽሞ ይዘጋ ስለ ነበር፣ የድምፁን መልክ ብቻ ሳይሆን ከፍታውንም ይለውጥ ነበር። ፈረንሳዊው ሊቅ መርሴንም በ1636 ባሳተመው ታላቅ የሙዚቃ መጽሐፍ ውስጥ የዕቃውን ሥዕል አስገብቷል።

ለምን ተግባር ይውል እንደ ነበር በዝርዝር የምናገኘው ግን ጀርመናዊው የትራምፔት ሊቅ ዮሐን ኤርንስት አልተንቡርግ በ1795 ሃሌ ላይ ካሳተመው መጽሐፍ ነው። አልተንቡርግ ከቆጠራቸው ጥቅሞች አንዱ ጦር ሠራዊት ጠላት ሳይሰማ ሰፈሩን ለቆ እንዲነሣ ነው። ሌላው ለቀብርና ለሐዘን ነው። ሌላው የነፊው ከንፈርና ትንፋሽ በየዕለቱ ልምምድ እንዲጠነክር ነው። ደግሞም መሣሪያው እንዳይጮህና እንዳይሻክር ነው። በእኛ አስተያየት ይህ ዝርዝር ሊጤን ይገባዋል። ዕቃው በአንድ በኩል የመሸሻ፣ በሌላ በኩል የሐዘን፣ በሦስተኛው በኩል የብርታት መሣሪያ ነበር። ያው ዕቃ ነው፤ የሚለየው የያዘው ሰው ዓላማ ነው።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ደግሞ በድሬስደን የቀንድ ነፊው ሐምፐል እጅን በመሣሪያው አፍ ውስጥ በማስገባት ድምፅን የመለወጥ ስልትን አሳደገ። ቀንዱ በዚያን ጊዜ ሊያወጣ የማይችላቸውን ድምፆች በእጅ መክደንና መክፈት አስገኘለት። ግድ የሆነ ገደብ አዲስ ድምፅ መውለዱን ልብ ይሏል።

፫. ከቺካጎ እስከ ኒውፖርት

የዕቃው ታላቅ ለውጥ የመጣው ግን ከቤተ መንግሥትም ከጦር ሰፈርም አይደለም፤ ከባሮች ልጆች ነው። ከኒው ኦርሊንስ ወደ ቺካጎ የፈለሰው ጆ «ኪንግ» ኦሊቨር፣ ወጣቱን ሉዊ አርምስትሮንግን አጠገቡ አቁሞ በ1923 ባስቀረጻቸው ሸክላዎች፣ ኮርኔቱን እንደ ሰው ሲያናግር ይሰማል። ዕቃውን በእጁ እየከደነና እየከፈተ ብረቱ እንዲያለቅስና እንዲስቅ አደረገው። ቀጥሎም በዱክ ኤሊንግተን ጓድ ውስጥ በበር ማይሊ በትራምፔት፣ ጆ ናንተን በትሮምቦን፣ የቧንቧ ሠራተኛ የተዘጋ መታጠቢያ የሚከፍትበትን የላስቲክ ጽዋ ከእጀታው ነቅለው የሙዚቃ መሣሪያ አደረጉት። በዕቃ መደብር በጥቂት ሳንቲም የሚሸጥ ነገር የአንድ ሕዝብ ልሳን ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እንጠይቃለን። እነዚህ ሰዎች በአደባባይ እንደ ልባቸው መናገር የማይፈቀድላቸው ነበሩ። ነገር ግን «ድዳ» የሚል ስም የተሰጠውን ዕቃ አንሥተው የሚናገር አደረጉት። ስለዚህ ዕቃውን ማፈኛ ብለን ብንጠራው፣ ከሁሉ በፊት የምንበድለው እነርሱን ይሆናል።

በቺካጎ የጭፈራ አዳራሽ ባለቤት በነበረው በሐርመን ስም የሚጠራው ሌላው ዓይነት ከአሉሚኒየም የሚሠራ ነው። ዙሪያውን በቡሽ ስለሚታሸግ አየሩ ሁሉ በዕቃው ሆድ ውስጥ እንዲያልፍ ይገደዳል፤ በመካከሉም የሚነቀል ትንሽ ቧንቧ አለው። ማይልስ ዴቪስ በ1950ዎቹ ያደረገው ነገር ይህን ቧንቧ ነቅሎ መጣልና የመሣሪያውን አፍ ወደ ማይክሮፎኑ ማስጠጋት ነው። በ1955 በኒውፖርት በዓል ላይ በዚህ ስልት ሲጫወት፣ ለሹክሹክታ የቀረበ ድምፅ ብዙ ሺህ ሕዝብ ያዳምጥ ጀመር። ከዚህ የምንማረው ዝቅ ያለ ድምፅ ሁሉ ደካማ ድምፅ አለመሆኑን ነው።

፬. በእኛ አገር

የነሐስ መሣሪያ ወደ አገራችን የገባው ለአደባባይ ነው። ከዚያ በፊትም መለከትና እምቢልታ ከነጋሪት ጋር የመንግሥት ድምፅ ነበሩ። ከ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ከኒኮላስ 2ኛ የነሐስ መሣሪያዎች በስጦታ መጡ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያዩአቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከነመሣሪያቸው ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያንም የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። የመጀመሪያው ብሔራዊ መዝሙራችን ዜማ ከስደተኛ እጅ መገኘቱ፣ እኛ ዛሬ በስደት ላለነው ሰዎች የሚነግረን ነገር አለው። ከዚያም የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች እያደጉ ሄዱ። በ1966 ዓ.ም. (1973) ዱክ ኤሊንግተን ራሱ ጓዱን ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ሙላቱ አስታጥቄ ተቀብሎ አብሮት ተጫውቷል። ዓመቱ ሳይሞላ ግን አብዮቱ ፈነዳ፤ የሰዓት እላፊም የከተማይቱን ሌሊት ዘጋ።

ከዘመናዊው ሙዚቃ ውጭም ሁለት ነገሮች አሉን። አንደኛው የዕድር ጥሩምባ ነው። አውሮጳውያን ለቀብር መለከታቸውን ሲወትፉ፣ የእኛ ጥሩምባ ነፊ ግን ጎሕ ሳይቀድ በሰፈሩ እየዞረ መርዶውን አፉ በተከፈተ መሣሪያ ያሰማል። ሐዘን ለእነርሱ ድምፅን ዝቅ የሚያደርግ ሲሆን ለእኛ ጎረቤትን የሚቀሰቅስ ነው። በስደት ይህ ልማድ አልተቻለም፤ መርዶአችንን ዛሬ የምንሰማው በስልክ ነው።

ሁለተኛው በገና ነው። በበገና ጅማትና በማረፊያው እንጨት መካከል የሚገባ «እንዚራ» የሚባል ቁራጭ ቆዳ አለ። ያ ቆዳ ሲነካ ጅማቱ ይነዝራል፤ የበገናም ያ የታወቀ ጥልቅ ድምፅ ከዚህ ይገኛል። እንዚራ የድምፁን መልክ ይለውጣል እንጂ ድምፁን አያፍንም። አባቶቻችንም አፋኝ አላሉትም፤ የራሱን ስም ሰጡት።

፭. አመራረጡ

አዛውንቱ ሌላም ጥያቄ ነበራቸው፤ የቱን ልግዛ? የሚል። መልሱ ከዓላማው ይነሣል። ሾጣጣውና በጎኑ ሦስት የቡሽ ቁራጮች ያሉት ዓይነት ለኦርኬስትራ ሙዚቃ የሚመረጥ፣ ጥርት ያለና የሚወጋ ድምፅ የሚሰጥ ነው። ጫፉ ላይ ጽዋ የተደፋበት ለስለስ ያለና ክብ ድምፅ ያወጣል። የሐርመን ዓይነት ለማይክሮፎን ይስማማል። የላስቲኩ ጽዋ ለሚያናግር ሰው ነው። ለቤት ልምምድ የተሠራው ደግሞ አፉን ፈጽሞ ሊዘጋ ጥቂት ስለሚቀረው ድምፁን ከሁሉ ይበልጥ ይቀንሳል፤ ለነፊው ግን ከባድ ነው።

የትኛውም ቢመረጥ ልኩ ከመሣሪያው አፍ ጋር መስማማት አለበት። አዲሱ ቡሽ ወፍራም ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያሉ መሞረድ ይገባል፤ ብዙ ከተሞረደ ግን ዕቃው ይወድቃል። ሲወተፍም አፉን በትንፋሽ አርጥቦ ጥቂት መጠምዘዝ ያጸናዋል። ከፍታውም ስለሚዛባ ነፊው መሣሪያውን እንደ ገና መቃኘት አለበት። እንግዲህ በለወጠ ድምፅ የሚናገር ሁሉ ቃኝቱን ደጋግሞ መመርመር ግዴታው ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስጠንቀቂያ ግን ይህ ነው። ዘወትር በልምምድ ዕቃ ብቻ የሚነፋ ሰው ያለ ልክ መግፋት ይለምድበታል፤ የገዛ መሣሪያውን ክፍት ድምፅም ጆሮው ይረሳዋል። ስለዚህ መምህራን አልፎ አልፎ ዕቃውን አውጥቶ በክፍት አፍ መንፋት ያስፈልጋል ይላሉ። በስደት የተወለዱ ልጆቻችን የእኛን ቋንቋ የሚሰሙት በግድግዳ መካከል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ብቻ መሆኑን ስናስብ፣ ይህ ምክር ለነፊዎች ብቻ የተሰጠ አይመስለንም።

መደምደሚያ

እስካሁን ካየነው የምንደርስበት ድምዳሜ፣ ዕቃውን ማፈኛ ማለት ከታሪኩም ከአሠራሩም ጋር የማይስማማ መሆኑን ነው። «ማለዘቢያ» ማለትም አይበቃም፤ በኃይል ሲነፋ አያለዝብምና። እኛ የምናቀርበው «የድምፅ መግሪያ» የሚለውን ነው። ፈረስ ሲገራ ጉልበቱ አይጠፋም፤ አካሄዱ ይለወጣል እንጂ። ይሁንና ስያሜው የመጨረሻ ነው አንልም። ከእኛ የተሻለ የሚያመጣ ካለ በደስታ እንቀበላለን።

አንድ ልዩነት ግን ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። መግሪያውን ነፊው ራሱ ያስገባዋል፤ ሲያሻውም ራሱ ያወጣዋል። የሌላ ሰው እጅ በግድ ሲያስገባውና ማውጣት ሲከለክል ያን ጊዜ ስሙ አፈና ነው፤ ለዚያ የሚሆን ቃል አማርኛችን አላጣም። አዛውንቱን ዳግመኛ ስናገኛቸው ይህንኑ ነገርናቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያው ለልጁ መግሪያ ነው እለዋለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ ወደ ሜዳ ወስጄ አውጥቼ አሰማዋለሁ» አሉን።