ጋላቢ የሌለው ፈረስ

ብሩክሄቨንን አቋርጦ በሚያልፈው ቡፎርድ ሀይዌይ ዳር ካሉት የእስያ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ የገባ ሐበሻ፣ ሒሳብ መክፈያው አጠገብ የተቀመጠውን ሳቂታ ቦርጫም ምስል «ቡድሃ ነው» ብሎ ያልፈዋል። «ጣዖት» የሚለውም አይጠፋም። ምስሉ ግን ቻይናውያን ቡዳይ የሚሉት መነኩሴ ነው። የቡድሃን ታሪክስ እኛ ከምናስበው በላይ በቅርብ እናውቀዋለን።

የጥንት የህንድ ቀራጮች የቡድሃን መልክ አያሳዩም ነበር። ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት በሳንቺ ምሥራቃዊ በር ላይ በተቀረጸው ታሪክ ልዑሉ ሲመንን ቤተ መንግሥቱን ጥሎ ይወጣል። ፈረሱ ደጋግሞ ተቀርጿል፤ ጀርባው ግን ባዶ ነው። ከባዶው ጀርባ በላይ ጃንጥላ ተይዟል፤ መጨረሻው ላይ የእግር ዱካ ብቻ ይታያል። በጥምቀት ታቦትን በጃንጥላ የሸኘ ሰው፣ ለማይታይ ክብር ጃንጥላ መዘርጋት ምን እንደሆነ አስተርጓሚ አያሻውም።

በኋላ በኩሻን ነገሥታት ዘመን፣ በጋንዳራና በማቱራ፣ መልኩ በድንጋይ ወጣ። የጆሮው ጫፍ የረዘመው ልዑል ሳለ ባጠለቀው ከባድ ጉትቻ ነው፤ ጉትቻው ግን የለም። ትቶት የሄደው ክብር ምልክቱ ጆሮው ላይ ቀርቷል። የእነዚያው ነገሥታት ከ100 በላይ የወርቅ ሳንቲሞች እ.ኤ.አ. በ1940 በደብረ ዳሞ ተገኝተዋል።

ከወርቁ በኋላ ታሪኩም መጣ። ከየመን መጥተው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት አባ እንባቆም፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1553 የበረላምንና የይዋስፍን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱ። ንጉሥ ልጁ ኀዘን እንዳያይ በቤተ መንግሥት ይዘጋበታል፤ ልጁ ግን በሽተኛና ሽማግሌ ያያል፤ መነኩሴው በረላም ያስተምረዋል፤ በመጨረሻም ዙፋኑን ትቶ ይመንናል። ይዋስፍ የሚለው ስም ራሱ መነሻው «ቦዲሳትቫ» ነው። በዐረብኛ «ቡዳሳፍ» ሆነ፤ «ብ» እና «ይ» በቃል መነሻ ላይ የሚለዩት በነጥብ ብዛት ብቻ ስለሆነ፣ አንዲት ነጥብ ስትጨመር «ዩዳሳፍ» ተባለ።

ታሪኩ በመንገዱ ክርስቲያን ሆኗል፤ እምነቶቹም አንድ አይደሉም። ሆኖም አትላንታ ያደገ ልጅ በድንጋይ የተቀረጸውን ባለ ረጅም ጆሮ አይቶ «ማን ነው?» ሲል፣ «ጣዖት ነው» ብለን ብንዘጋው የራሳችንን መጽሐፍም አብረን እንዘጋለን። «ዙፋኑን ትቶ የሄደ የንጉሥ ልጅ ነው፤ ታሪኩ በግእዝም አለን» ብንለው ግን ሁለቱንም ያውቃል።