ዜና ሰብአ ዛይ ዘባሕረ ዝዋይ

በዝዋይ ባሕር ላይ ስለሚኖሩት ስለ ዛይ ሰዎች ነገር እነሆ እንጽፋለን። ደሴቶቻቸው አምስት ናቸው፤ እነርሱም ደብረ ጽዮን፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ገሊላና ደብረ ሲና ይባላሉ። ከሁሉ የምትበልጠው ደብረ ጽዮን ናት፤ የአርሲ ኦሮሞዎችም ቱሉ ጉዶ ይሏታል።

አበው እንደሚተርኩት፣ ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ደቡብ ተሰደዱ፤ ወደዚህችም ደሴት ገቡ። ታቦቷ 70 ዓመት በዚያ ተቀምጣ አገር ሲረጋ ተመለሰች፤ ከካህናቱ ግን የቀሩ ነበሩ። ደግሞም በ16ኛው መቶ ዘመን ኢማም አሕመድ በተነሣ ጊዜ ሌሎች ክርስቲያኖች የብራና መጻሕፍታቸውን ተሸክመው ከሸዋ መጡ ይባላል። ቋንቋቸው ግን ከስልጢኛና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ ነው፤ ስለዚህ የዚህ ሕዝብ ሥር ከሰሜን ብቻ አይመዘዝም፣ በዙሪያው ካለው አገርም ነው እላለሁ።

ባሕሩም ቅጥር ሆናቸው። ተራራውን በድንጋይ እርከን ከፍለው ዘሩ፤ ሸማ ሠሩ፤ ቆሮሶ የሚባለውንም ዓሣ አጠመዱ። ታንኳቸው ከደንገል ነው። ደንገሉን አጭደው በፀሐይ ያደርቁታል፤ እየጠቀለሉም አጥብቀው ያስሩታል፤ አፍንጫውንም ወደ ላይ ይቆለምሙታል። ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ከዳር አውጥተው ያሰጡታል፤ የበሰበሰ እንደ ሆነም ሌላ ይሠራሉ። በዚህ በቀላል ነገር ላይ ሸቀጣቸውን ጭነው ባሕሩን ይሻገሩ፣ ከአርሲ ሰዎችም ጋር ይገበያዩ ነበር። የእጃቸው ጥበብ እጅግ ያስደንቀኛል።

በ1870ዎቹ ዓ.ም. የምኒልክ ጦር አርሲን ወግቶ ያዘ። ከዚያም ወዲህ የዛይ ሰዎች ደሴቱ ጠበባቸውና ወደ ዳር ይወጡ ጀመር፤ በመቂና በዝዋይ ከተማ አካባቢም ሰፈሩ። በተራራው ላይ ብዙው እርከን ጦም አደረ።

በእኛም ዘመን ሌላ ነገር ሆነ። ለአበባና ለአትክልት እርሻ የባሕሩን ውኃ ሞተር ይስበው ጀመር፤ ዓሣውም አነሰ። ደግሞም ልጆቻቸው በገበያና በትምህርት ቤት ኦሮምኛና አማርኛ ስለሚናገሩ ዛይኛ ከቤት አልፎ አይሰማም፤ በብዙ ቤትም ተዘንግቷል። ብራናውን የሚጠብቅ ካህን አለ፤ ቋንቋውን ግን ከሽማግሌዎቹና ከአሮጊቶቹ በቀር የሚጠብቀው የለምና፣ እነርሱ ሳሉ ተቀምጦ የሚጽፍ ከራሳቸው ልጆች መካከል ይነሣ።