ባሪያ አደረጓቸው፦ በግሪክ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የተማረኩ ሴቶች
የጥንት ግሪክ ታሪክ ጸሐፊዎች በጦርነት ስለ ተደፈሩ ሴቶች ምን ጻፉ? ሄሮዶቱስ፣ የፋርስ ሠራዊት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ፎኪስን ሲወርር አንዳንድ ሴቶች በብዙ ወታደሮች ተደፍረው መሞታቸውን በግልጽ ጽፏል። አቴናዊው ቱኪዲደስ ግን ከ64 ዓመት በኋላ፣ በ416፣ የገዛ አገሩ ጦር በሜሎስ ያደረገውን ሲተርክ ወንዶቹ መገደላቸውን፣ ሴቶችና ልጆች ባሪያ መደረጋቸውን ብቻ ተናግሮ ያልፋል።

ዝምታው አያታልለን። በዚያ ዘመን የባሪያ ሴት ገላ በጌታዋ እጅ ስለ ነበር፣ «አንድራፖዲዞ» የሚለው ግስ መደፈርንም በውስጡ ሸሽጓል። የዚሁ ግስ ዘር የሆነ ስም በ1ኛ ጢሞቴዎስ 1፥10 ከኃጢአተኞች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ «ባሪያ አደረጓቸው» የሚለውን ስታነቡ ፈጥናችሁ አትለፉ፤ ስማቸው ያልተጻፈ ሴቶች መከራ በዚያ አጭር ቃል ተሸፍኗል።